ፍሬን ሲያዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከወልድያ ወደ መርሳ ስወርድ ነው የጀመረው። ሲሪንቃ ከመድረሴ በፊት አህዮቹን ጭኖ የሚነዳ ገበሬ አስፋልቱን ሲያቋርጥ አየሁና ፍሬን ያዝኩ። አሮጌዋ ኮሮላ ቆመችልኝ፤ መሪው ግን እጄ ላይ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ጸጥ አለ። ደግሜ ስረግጥ ተመልሶ መጣ። መርሳ እንደገባሁ ማንጎ መግዛቱን ትቼ መካኒክ ፍለጋ ሄድኩ።

የመጀመሪያው መካኒክ መኪናዋን ሳይነካ ፈረደ፦ «ዲስኩ ታጥፏል፤ ሁለቱንም የፊት ዲስኮች ይቀይሩ።» ሁለተኛው ወጣት ነው። ክሪኩን ከማንሳቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ጎማ ያስፈቱት መቼ ነው?» አሰብኩ። የዛሬ አምስት ወር ገደማ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አስቀይሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ 6000 ኪሎ ሜትር ተጉዣለሁ። «እንግዲያው አብሽር፤ የታጠፈ ነገር ላይኖር ይችላል» አለኝ።

ጎማ ማስቀየርና የፍሬን መንቀጥቀጥ ምን አገናኛቸው? ነገሩ የገባኝ ማታ ቤት ገብቼ፣ ሰፌድ ይዤ ነው።

ሰፌዱን ቆንጥጡ

ሰፌድ አምጡና ጠርዙን በአውራና በጠቋሚ ጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉ። ልጅ ጥሩና ያዙረው። ሰፌዱ ዲስኩ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡት የፍሬን ሸራዎች ናቸው። ስፌቱ እኩል በሆነበት ጣቶቻችሁ ዝም ይላሉ። አክርማው የተቀጠለበት ወፈር ያለ ቦታ ሲመጣ ግን ጣቶቹ ይከፈታሉ፤ ሲያልፍ መልሰው ይገጥማሉ። መኪናው ላይ ሸራው በተከፈተ ቁጥር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ የፍሬን ዘይቱን፣ ዘይቱ ፔዳሉን፣ ፔዳሉ እግራችሁን ይገፋል። ዲስኩ በወፈረበት ቦታ ፍሬኑ ጠበቅ፣ በሳሳበት ላላ ስለሚል ጎማው በጉተታ ይቆማል፤ ጉተታው በመሪው ዘንግ በኩል እጃችሁ ላይ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ የተጣመመ ሰፌድ ፈልጉ። ሲዞር ግራና ቀኝ ይወላገዳል። ውፍረቱ እኩል ከሆነ ግን ጣቶቻችሁ አብረውት ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ አይከፈቱም። የብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ሸራ መያዣም እንደ እጃችሁ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ነው፤ መጠነኛ ውልግድናን ተከትሎ ይሄዳል። እንግዲህ እግርና እጅ ላይ የሚመታው በአብዛኛው የዲስኩ መጣመም ሳይሆን የውፍረቱ አለመስተካከል ነው።

ልዩነቱ ስንት ነው? የራስ ፀጉር ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ብዙ መኪናዎች ግን ዲስካቸው ላይ 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል የውፍረት ልዩነት ሲኖር መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ዓይን አያየውም፣ ጣት አይለየውም። ፍጥነት ግን ያጎላዋል። የትንሽ መኪና ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሴኮንድ 11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ያቺ የፀጉር ስንጣሪ በሴኮንድ 11 ጊዜ ትመታችኋለች። የመኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ሲሄድ ምቱም እየተራራቀ ይመጣል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ለምርመራ ይጠቅመናል።

ጥፋቱ ሌላ ቀን፣ ቅጣቱ ሌላ ቀን

የውፍረት ልዩነት ከየት ይመጣል? አንደኛው መንገድ ወጣቱ የጠረጠረው ነው። ዲስኩ በቸርኬውና በጎማው ማሰሪያ እምብርት መካከል ተጣብቆ የሚቀመጥ ነው። የጎማ ቀያሪው አንዱን ዳዶ ጥግ አድርሶ አጥብቆ ወደ ጎረቤቱ ዳዶ ከተሻገረ፣ ዲስኩ በአንድ ጎን ተስቦ ይቀመጣል። በእምብርቱና በዲስኩ መካከል ዝገት ወይም የአፈር ቅንጣት ቢቀርም ያው ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ የሆነው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይተልቃል። ዲስኩ መወላገድ ይጀምራል።

የዚያን ቀን ግን ምንም አይሰማችሁም። ሰፌዱ ላይ እንዳየነው ውልግድና ብቻውን አይመታም። ነገር ግን ፍሬን ሳትይዙም እየነዳችሁ፣ ያ የወጣ ጎን በየዙሩ ሸራውን ነካ፣ ነካ ያደርጋል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ወፍጮ ድንጋይ በአንድ በኩል ብቻ ሲበላ እንደማለት ነው። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያ ቦታ ይሳሳል፤ መንቀጥቀጡ ያኔ ይመጣል። ጎሚስታውን ማን ያስታውሰዋል? ዲስኩ ላይ ይፈረድበታል፣ ይቀየራል፣ እምብርቱ ግን ሳይጸዳ ዳዶው እንደ ድሮው ይጠብቃል። ከወራት በኋላ በሽታው ይመለሳል።

መጥበቅን በቁጥር እንየው። ብዙዎቹ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች የጎማ ዳዶ በ103 ኒውተን ሜትር እንዲጠብቅ ፋብሪካው ያዛል። ይህ ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ በአንድ እጅ ደህና አድርጎ መጫን ይበቃል። 65 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ በዚያው መፍቻ ጫፍ ላይ ሲቆምበት ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ያውም ሁሉም ዳዶ ላይ እኩል አይቆምም።

ቁልቁለቱና ምጣዱ

ሁለተኛው መንገድ እሳት ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2100 ሜትር፣ መርሳ ወደ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ልዩነታቸው 500 ሜትር ነው። ተሳፋሪና ዕቃ ጭኖ 3 ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ፍሬን ላይ ቢወድቅ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ደግነቱ ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ሾፌር ግን የሞተሩን ድርሻ ለፍሬኑ ጨመረለት። ከጋሸና በኩል ከደጋው ተነስቶ በድልብ ወደ ወልድያ የሚወርደው ደግሞ ከዚህ የባሰ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

የጋለ ዲስክ በሁለት ነገር ይበላሻል። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ኬላ ላይ ስትቆሙ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ እንደተጫነ ካቆያችሁት፣ የጋለው ሸራ ባረፈበት ቦታ ቅርፊቱን ያትማል። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ በከፊል ተጣብቆ እንደሚቀር ነው። የታተመችው ቦታ ከሌላው ወፈር ትላለች፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ፍሬን ከሌላው የበለጠ ትግላለች። ሙቀቱ እጅግ ከበዛ ከሥሯ ያለው ብረት ራሱ ወደ ጠንካራ ካርቦናማ ብረት ይለወጣል፤ ያኔ ቶርኖ ቤት ቢልጡትም ነጥቡ ሥር ሰድዶ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ጥፋት ከቁልቁለት በቀጥታ ላቫጆ ገብቶ በጋለው ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ ነው። ብረቱ በአንድ ጎን ሲኮማተር በሌላው እንደጋለ ነው።

አሜሪካዊው የእሽቅድምድም መኪና መሐንዲስ ካሮል ስሚዝ «ታጠፈ» የተባሉ ዲስኮችን ሲመረምር ኖሮ፣ ያገኘው ሁሉ በሙቀት የታጠፈ ብረት ሳይሆን ያልተስተካከለ የሸራ ቅርፊት መሆኑን ጽፏል። አዲስ ሸራ እንደ ምጣድ ማሟሸት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ እንዳለው ዓይነት ሜዳማ መንገድ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ሳትቆሙ ቀስ አድርጋችሁ ቀንሱ፤ በየመካከሉም ነፋስ አስመቱት። ቅርፊቱ ዲስኩን በእኩል ያለብሰዋል።

መኪናዋን ጠይቋት

ዕቃ ከመግዛት በፊት አራት ጥያቄ አለ።

አንድ፦ ፍሬን ሳይያዝም ትንቀጠቀጣለች? አዎ ከሆነ ፍሬኑን ተዉት፤ የጎማ ባላንስ፣ የታጠፈ ቸርኬ፣ ያበጠ ጎማ ወይም የላላ ኩሽኔታ ፈልጉ።

ሁለት፦ የሚንቀጠቀጠው ምንድን ነው? መሪው ከሆነ ጥርጣሬው የፊት ዲስኮች ላይ ያርፋል። መሪው ዝም ብሎ መቀመጫው ከተናጠና ፔዳሉ እግር ከመታ ወደ ኋላ እዩ።

ሦስት፦ የእጅ ፍሬኑ ምን ይላል? ባዶ፣ ደረቅና ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ተሳፋሪ ሳትይዙ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የእጅ ፍሬኑን፣ ጫፉ ላይ ያለውን መልቀቂያ እንደተጫናችሁ፣ በዝግታ ሳብ አድርጉ። ንዝረቱ ከመጣ ችግሩ ከኋላ ነው። ይህ የሚሠራው የእጅ ፍሬናቸው የኋላ ጎማ ለሚይዝ መኪናዎች ነው። እንደ አይሱዙ ባሉ ብዙ የጭነት መኪናዎች የሚይዘው የካምቢዮውን ዘንግ ስለሆነ እንዳትሞክሩት።

አራት፦ ፍጥነቱ ሲቀንስ ምቱም ይራራቃል? ከተራራቀ ዲስክ ወይም ታምቡር (በዲስክ ፋንታ ሸራው ከውስጥ የሚገፋው ክብ ብረት) ነው። አጥብቃችሁ ስትረግጡ ወይም ጠጠር ላይ ብቻ የሚመጣ፣ ከጎማው መዞር ጋር የማይሄድ ፈጣን ድርድርታ ከሆነ ግን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጤና ነው።

ታምቡር የራሱ አመል አለው። ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ ሲሆን ሸራው በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይገፋል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ከቁልቁለት በኋላ በጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬን ጠፍንጎ መተው ነው፤ ብረቱ በተጨነቀበት ቅርጽ ይበርዳል። ሜዳ ላይ ከቆማችሁ ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። መርሳና ወልድያ ከተማ ውስጥ የሚርመሰመሱት ባጃጆችም በሦስቱም ጎማ ታምቡር ናቸው፤ የባጃጅ ፍሬን ሲመታ ዲስክ የሚፈልግ ሰው ሲፈልግ ይውላል።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ያረጀ ቴስቲና ወይም ቡሺንግ ንዝረቱን ያጎላዋል እንጂ አይወልደውም። ቴስቲና ተቀይሮ «ተሻለ» የተባለ መኪና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ከርካሹ ጀምሩ

የወጣቱ መካኒክ አሠራር ይህ ነበር። ጎማውን አወረደ፤ ዲስኩን በዳዶ አስሮ በእጁ እያዞረ የመጠምዘዣ ጫፍ አስጠጋበት። ክፍተቱ በአንድ ጎን ይጠባል፣ በሌላው ይሰፋል። መርፌ ያለው መለኪያ ላለው ጋራዥ ለብዙ መኪናዎች የሚፈቀደው ውልግድና 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዲስኩን ሲያወርደው እምብርቱ ላይ የአንበጣ ክንፍ የሚያህል የዝገት ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገው። ከዚያ ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አነበበልኝና ለካ፤ ገና ይችላል። ቶርኖ ቤት ተልኮ በሁለቱም ፊት እኩል ተላጠ። ዝቅተኛውን ያለፈ ዲስክ ግን መላጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ የሳሳ ብረት ሙቀት አይችልምና በቶሎ ይመለሳል።

ዳዶዎቹን ሲያስር ተመለከትኩት። አንዱን፣ ከዚያ ከፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንደገና ተሻግሮ ሌላውን፤ በመጀመሪያ ለስላሳ፣ በሁለተኛው ዙር ጠበቅ፣ በሦስተኛው በመፍቻው ጫፍ በአንድ እጅ ጭኖ ጨረሰ። መፍቻው ላይ አልቆመም። ወደ ወልድያ ስመለስ ሲሪንቃ ላይ ሆን ብዬ ፍሬን ያዝኩ፤ መሪው ዝም አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ንዝረት ጊዜ ይሰጣል፤ ቁልቁለት ላይ እየለሰለሰ ወደ ታች የሚሰምጥ ፔዳል ግን አይሰጥም። ያ የፍሬን ዘይት መፍላት ነው፤ ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወዲያው ዳር ያዙና እስኪበርድ ቁሙ። ለቀረው ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ጎማችሁ በተፈታ ቁጥር ሻይ ቤት አትግቡ፤ አጠገቡ ቁሙና ዳዶው ተሻግሮ መጥበቁን እዩ።