ያረገዘችውን የቤት ጠባቂ ስለ መጠበቅ

በምሥራቅ ጎጃም በአምበርና በዙሪያዋ፥ እንደዚሁም ከደጀን አንሥቶ እስከ ብቸናና እስከ ሞጣ ባለው አገር፥ ውሻ የቤት ዘበኛ ናት። ቀን ታስራ ትውላለች፤ ሲመሽ ትፈታለች፤ ሌሊቱንም በአጥሩ ዙሪያ እየሮጠች በጎቹንና ቤተ ሰቡን ከጅብና ከሌባ ስትጠብቅ ታድራለች። ይህ ልማድ በሌላ ጊዜ ነቀፌታ የለበትም። ውሻይቱ ባረገዘች ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጥባታል፤ መንቀሳቀስ በሚገባት ሰዓት ታስራ፥ ማረፍ በሚገባት ሰዓት ከአውሬ ጋር ትታገላለችና። ስለዚህ ይህን ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ነው፤ ከ58 እስከ 68 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብትወልድም የሚያሠጋ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሆዷ ምንም አይታይም። ስለዚህ ከወንድ የተገናኘችበትን ቀን ጽፎ መያዝ፥ ወይም ከበዓል ጋር አያይዞ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥምቀት ዕለት ጥር 11 ቀን የተገናኘች ውሻ መጋቢት 14 ቀን ገደማ ትወልዳለች ማለት ነው። ቀኑ ካልታወቀ ድካሟ ስንፍና መስሎ ይታያል፤ በስንፍናም ምክንያት የምትመታ እርጉዝ ውሻ ጥቂት አይደለችም።

አንዳንድ ሰዎች ለእርጉዟ ያዘኑ መስሏቸው ፈጽሞ እንዳትንቀሳቀስ ያደርጓታል። ይህም ደግ አይደለም። ሥጋዋ የላላና ስብ የበዛባት ውሻ ምጥ ይጠናባታል። የሚሻለው ጧትና ማታ ፀሐይ ሳይበረታ፥ በለሰለሰ ሜዳ፥ በገመድ ተይዛ ግማሽ ሰዓት ያህል በዝግታ እንድትሄድ ማድረግ ነው። ከሰባተኛው ሳምንት ወዲህ ሆዷ ስለሚከብዳት መንገዱ ያጥራል፤ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ እየሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቢደረግላት ይበቃታል። ቆማ ብታለከልክ ወይም ብትተኛ አይጐትቷትም።

ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ አደን መውጣት፥ ካብ መዝለልና ከሌሎች ውሾች ጋር መናከስ ይከለከላል። ጌታዋ በበቅሎ ወደ ገበያ ወይም ወደ ችሎት ሲሄድ ከኋላው እየሮጠች የምትከተለውም ውሻ በዚህ ጊዜ ከቤት ትቅር። በቅሎዪቱ ስትሰግር ውሻይቱ ከአቅሟ በላይ መሮጧን ከኮርቻ ላይ ሆኖ የሚያይ የለም። ከመውለጃዋ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታትም ከማይታወቁ ውሾች ትራቅ፤ ለእርሷ ቀላል የሆነ በሽታ ቡችሎቹን ሊገድል ይችላል። ሕፃናትም ከሆዷ ይዘው እንዳያነሷት ይነገራቸው።

ሌሊቱን በሚመለከት ዋናው ቃላችን ይህ ነው፤ እርጉዝ ውሻ ከጅብ ፊት አትለቀቅ። ጅብ ውሻን ይበላል፤ ሆዷ የከበደ ውሻም ፈጥና ልትሸሽ አትችልም። ይህን ስንል ቤቱ ያለ ጠባቂ ይደር ማለታችን አይደለም። ሌላ ውሻ ይፈታ፤ አጥሩ በእሾህ ይጠንክር፤ እርሷ ግን በር ባለው ጎጆ ውስጥ ትደር። ከውስጥ ሆና መጮኽዋ አይቀርም፤ ለማንቂያ ያህልም ይበቃል።

ሌላው ጠላት መርዝ ነው። በአንዳንድ ከተማ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት መርዝ ያለበት ሥጋ በመንገድ ይጣላል፤ በቤትም ውስጥ የአይጥ መርዝና በጎተራ የሚደረግ የነቀዝ መድኃኒት አለ። ብቻዋን የምትዞር የተራበች እርጉዝ ያገኘችውን ትበላለች።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ምን እንደ በላ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የእርጉዟ ምግብ ከቀድሞው በሩብ፥ ቀስ በቀስም እስከ እኩሌታ ሊጨመር ይገባል፤ ሆዷ በቡችሎች ስለሚጣበብ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ መስጠት ነው። በምሳሌ የጠቀስናት የጥምቀት ውሻ፥ ጾሙ ቀድሞ ቢገባም ዘግይቶ ቢገባም፥ መውለጃዋ ከዐቢይ ጾም ውስጥ አይወጣም። በእነዚያ 55 ቀኖች ከብት ስለማይታረድ ቅልጥምና ትራፊ ሥጋ የለም፤ ውሻይቱም ሳትጠየቅ ትጾማለች። ነገር ግን ሰው የማይቀምሰው ዕንቁላልና አሬራ በዚያው ወራት በቤቱ ሞልቷል። የተቀቀለ ዕንቁላልና ጥቂት በጥቂት የሚሰጥ አሬራ፥ ከእንጀራና በደንብ ከተቀቀለ ባቄላ ጋር ቢሆንላት ጉድለቷን ይሞላል። የወጥ ትራፊ ግን አይሰጣት፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። የጠላ አተላም ለከብት እንጂ ለእርጉዝ ውሻ አይሆንም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቷን ሊወጋ ይችላል። ውሃ የቋጠረ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለማንኛውም ውሻ መጣል አይገባም፤ ከዚያ የሚገኘው ትል በውሻ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል።

ለሆድ ትል ብሎ ኮሶ ማጠጣት በእርግዝና ጊዜ አደገኛ ነው፤ የሚስማማትን መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ይስጥ። ስለ እብድ ውሻ በሽታም ክትባቱ ከመጋባቷ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ሳትከተብ ያረገዘች እንደ ሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር እብድ ውሻ የነከሰውን አንድ ልጅ በክትባት ካዳነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ በአገራችን ግን በሽታው እስከ ዛሬ ሰው ይገድላል። እብድ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፥ ውሎ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቀኗ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጭስና እርጥበት በሌለበት ማእዘን ደረቅ የጤፍ ጭድ ይነጠፍላት፤ የአምበር ሌሊት ብርድ ለአዲስ ቡችላ ምሕረት የለውም። የሰውነቷ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ተኩል በታች ከወረደ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች። ግማሽ ሰዓት አጥብቃ አምጣ ቡችላ ካልወጣ፥ ሌላ ቡችላ በሆዷ እያለ ሁለት ሰዓት ካለፈ፥ ወይም የመጀመሪያው ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፥ ሳይዘገይ ሐኪም ይጠራ። እጅ አስገብቶ መጐተት እናትም ቡችላም ያጠፋል።

ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለመሽናት ብቻ ትወጣለች። ስታጠባ ሰውነቷ ቢንቀጠቀጥና እግሯ ቢገተር፥ በወተቷ የወጣው የኖራ ንጥረ ነገር ከደሟ ጎድሏል ማለት ነውና ቡችሎቹን ከጡቷ አርቆ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ወደ ሌሊት ጥበቃዋ የምትመለሰው ቡችሎቹ ጡት ከተዉ በኋላ፥ ይኸውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆናቸው ነው፤ እስከዚያ ድረስ የአጥሩን ነገር ሌላው ውሻ ይያዘው።