በመንጠቆ ላይ የሚያርፍ ጭነት፦ የብስክሌት መጫኛና የኤሌክትሪክ መኪና



በኤሌክትሪክ መኪና የኋላ መንጠቆ ላይ ስንት ኪሎ ግራም ብስክሌት መጫን ይቻላል? ብዙ ሰው መልሱን ለመንጠቆው ከተሰጠው የክብደት ወሰን ይወስዳል። ያ ቁጥር ግን ብቻውን አይበቃም።

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው ቴስላ ሞዴል ዋይ፣ መጎተቻ ሲገጠምለት፣ እስከ 1,588 ኪሎ ግራም ተሳቢ እንዲጎትት፣ መንጠቆውም ወደ ታች እስከ 159 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ተፈቅዶለታል። ሁለተኛው ቁጥር ተሳቢን ታሳቢ ያደረገ ነው። ተሳቢ የራሱ ጎማ ስላለው አብዛኛውን ክብደት ራሱ ይሸከማል፤ ለመኪናው የሚያካፍለው ጥቂቱን ነው፣ ያውም በአንድ ነጥብ ላይ። የብስክሌት መጫኛ ግን ጎማ የለውም። ከመንጠቆው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ስለሚንጠለጠል፣ ወደ ታች ከመጫን አልፎ መንጠቆውን ያጥፋል።

በቁጥር እንመልከተው። 20 ኪሎ በሚመዝን መጫኛ ላይ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ የሆኑ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ብንጭን ድምሩ 70 ኪሎ ነው። የክብደቱ ማእከል ከመንጠቆው 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ የማጠፍ ሞመንቱ 412 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ጭነቱ ለቅጽበት እጥፍ ቢሆን፣ ሞመንቱም እጥፍ ይሆናል።

ጉዳዩ በመንጠቆው አያበቃም፤ መኪናው ራሱ እንደ ማንሻ ይሠራልና። በሁለቱ አክስሎች መካከል 2.9 ሜትር ቢኖር፣ ጭነቱም ከኋላው አክስል 1.6 ሜትር ወደ ኋላ ቢውል፣ በኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው 70 ሳይሆን 109 ኪሎ ገደማ ነው። የፊቱ አክስል በ39 ኪሎ ገደማ ይቀላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ባዶው መኪና ከባድ ነው፤ ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው ድርሻ ግን በዚያው ልክ አያድግም። ከዚህም ሌላ እንደ ኒሳን ሊፍ ያሉ፣ የአሜሪካ መመሪያቸው ተሳቢ መጎተትን የሚከለክል መኪኖች አሉ። ለእንዲህ ያሉት «ለብስክሌት ብቻ» ተብሎ ከሌላ አምራች የሚሸጥ መንጠቆ ቢገጠም፣ የተጻፈበት ወሰን የመንጠቆውን እንጂ የመኪናውን አቅም አይነግረንም።

ስለዚህ አራት ወሰኖች ይመርመሩ፦ የመንጠቆው፣ የመጫኛው፣ የኋላው አክስልና የመኪናው ጠቅላላ ክብደት። መኪና አምራቹ ለመጫኛ ለይቶ ያስቀመጠው ወሰን ካለ እርሱም ይታከል። ከሁሉም አስቀድሞ የሚሞላው ወሰን ይገዛል። የመጫኛው የራሱ ክብደት በሂሳቡ ይግባ፤ ከባዱ ብስክሌት ወደ መኪናው ይቅረብ፤ የብስክሌቶቹ ባትሪዎች ይነቀሉ።

በአገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ ይህ ጥያቄ ወደ ጋራዦቻችን መምጣቱ አይቀርም። መንጠቆ ከመበየድ በፊት ሂሳቡ ይሠራ፤ የሚሰበር መንጠቆ ጭነቱን የሚጥለው ከኋላ በሚመጣው ሰው ፊት ነው።