«አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!»

(ምስል፦ ከ2021 የዩቲዩብ ቪዲዮ የተቀነጨበ። ጥቁር ተርሚናል፣ የሚንሸራተት ጽሑፍ።)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021። ካናዳዊው የዩቲዩብ አዘጋጅ ሊነስ ሴባስቲያን ዊንዶውስን ለጊዜው ትቶ በሊነክስ ጌም ሊጫወት ተነስቷል። ከሊነክስ ዓይነቶች የመረጠው ፖፕ ኦኤስን ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጌም የሚገዛበትና የሚጫወትበት ስቲም ነው። ከሶፍትዌር መደብሩ ሊጭነው ሞከረ፤ አልጫን አለው። ወደ ተርሚናሉ ዞረና ፕሮግራም የሚጭነውን አፕትን፣ ስቲምን ጫንልኝ አለው።

(ምስሉ ይቆማል።)

እዚህ ላይ እናቁመው። ስክሪኑን የሞላው የሚወገዱ ፓኬጆች ዝርዝር ነው። ከመካከላቸው የዴስክቶፑ ዋና ፓኬጅ አለ። ከግርጌው ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ ልታደርገው ያሰብከው ጉዳት ሊያስከትል ይችላል ይላል። እቀጥላለሁ ካልክ አንድ ዓረፍተ ነገር ፊደል በፊደል ጻፍ ይላል፦ «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!»

ጻፈው። አፕትም እንዳለው አደረገ። ዴስክቶፑ ከነመስኮቶቹ ጠፋ፤ ማሽኑ ሲነሳ የቀረለት የጽሑፍ መግቢያ ብቻ ነበር።

ማስጠንቀቂያውን መች አነበበ ብለው የዘለፉት ብዙ ናቸው። ፍርዱ ልክ አይመስለኝም። ስቲም ባለ 32 ቢት ፓኬጆች ይፈልጋል። አንድ ላይብረሪ በ32ም በ64ም ቢት ጎን ለጎን ሲጫን ሁለቱ አንድ ዓይነት የስሪት ቁጥር ሊኖራቸው ግድ ነው። ያን ሰሞን አፕት ፓኬጆችን በሚያወርድበት ማከማቻ ውስጥ ሁለቱ አልተመጣጠኑም። አፕት ሒሳቡን ሠራ፤ ስቲምን ለማስገባት ያገኘው መንገድ ዴስክቶፑን ማስወጣት ሆነ። ጥፋቱ የጀመረው ማከማቻው ላይ ነው። ጌም ሊጫወት የመጣ ሰው የዚያን ሁሉ ፓኬጅ ስም የመለየት ዕዳ የለበትም።

የአፕት ሠሪዎች ብዙም ሳይቆዩ መሣሪያቸውን አረሙት። ከ2.3.12 ጀምሮ አፕት ለመፍትሔ ሲል መሠረታዊ ፓኬጆችን ማውጣት ተወ። በ2024 ደግሞ የሚወገደው በቀይ፣ የሚገባው በአረንጓዴ መታየት ጀመረ።

ይህ ዝግጅታችን ሲታሰብ መልእክቱ አጭር ነበር፤ የሚወገዱትን ዝርዝር ፍሩ የሚል። አፕትን የሚጠቀመው የሌላው ሊነክስ፣ የዴቢያን፣ የ2024 ታሪክ ግን ሐሳባችንን አስቀየረን።

(ምስል፦ የጥምቀት ማለዳ፣ ጃንሜዳ።)

የዴቢያን ታሪክ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። በ32 ቢት የሚያዝ የኮምፒውተር ሰዓት ከ1970 መባቻ አንስቶ ሰከንድ ይቆጥራል። 2,147,483,647 ላይ ሲደርስ ይሞላል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2030። ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ልክ በጥምቀት ማለዳ። ያልተዘጋጀ ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ራሱን 1901 ውስጥ ያገኘዋል።

ዴቢያን ይህን ለመቅደም የሰዓቱን ቁጥር ወደ 64 ቢት አሳደገ። ላይብረሪዎች ይህን ቁጥር እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት፤ አሮጌውና አዲሱ ከተደባለቁ ፕሮግራሙ የተበላሸ ቁጥር ያነባል። ስለዚህ ስማቸው ተለወጠ። ለምሳሌ ሊብኤስኤስኤል3 ይባል የነበረው ላይብረሪ ሊብኤስኤስኤል3ቲ64 ሆነ፤ ሁለቱ አብረው እንዳይቀመጡም ሆን ተብሎ ተከለከለ። የ64 ቢት ማሽኖች ሰዓት ቀድሞም ሰፊ ነበር፤ የስም ለውጡ ግን እነሱም ጋ ደረሰ። ይህ ግጭት የተተከለው ለጥበቃ ነው።

ሽግግሩ መሃል ላይ ሳለ ባልረጋው የዴቢያን ቅርንጫፍ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሙሉ አፕግሬድ ሲጠይቁ ብዙ ፓኬጅ ሊወገድ ተሰልፎ አገኙት። የሚያዋጣው የቀሩት ፓኬጆች እንደገና ተገንብተው እስኪገቡ መታገሥ ነበር።

ይህን አድካሚ ሥራ ከመሩት አንዱ ስቲቭ ላንጋሴክ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 አረፉ። የደከሙለት ለውጥ የገባበት ዴቢያን 13 የወጣው በዚያው ዓመት ኦገስት 9 ነው።

(ምስል፦ ከዴቢያን 12 ወደ 13 የሚደረግ አፕግሬድ።)

ዝርዝሩን እዩት። ሊብኤስኤስኤል3 ከሚወገዱት ጋር ነው፤ ቲ64 የተጨመረበት ተተኪው ከሚገቡት ጋር። ይህ ልክ ነው፣ ቀጥሉ። ተተኪ ሳይኖረው የሚወጣ ፓኬጅ፣ በተለይ የዴስክቶፕ፣ ካያችሁ ግን «ኤን»ን ተጭናችሁ ውጡ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ከዴቢያን ውጭ የተጨመረ ማከማቻ ወይም እንዳይሻሻል ታግዶ የቆየ ፓኬጅ ነው። ማከማቻውን ዝጉት፣ የታገደውን ልቀቁት። መጀመሪያ ምንም የማያስወግደውን ተራ አፕግሬድ አስኪዱ፤ ሙሉው ከዚያ ይከተላል።