በጋዜጣ መሐል የደረቁ የአሶሳ አበቦች

በአሶሳ ዙሪያ ያለውን የሽመል፣ የአባሎና የወይባ ጫካ በየበጋው እሳት ያልፍበታል። ሣሩ ነድዶ መሬቱ ሲጠቁር ያለቀለት ይመስላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ግን ሕይወታቸውን ከአፈር በታች ያቆዩ ዕፀዋት ሣሩ ሳይቀድማቸው ወጥተው ያብባሉ። ጊዜያቸው አጭር ነው። ክረምቱ ሲበረታ ሣሩ ይውጣቸዋል፤ መንገዱንም ጭቃ ይይዘዋል። የዕፀዋት ተመራማሪ በዚያች ጠባብ ጊዜ ካልደረሰ አበባውን አያገኘውም፤ ያለ አበባ ደግሞ ዝርያ መለየት ከባድ ነው።

ከእነዚህ ዕፀዋት መካከል ክሎሮፊተም የሚባለው ወገን ልዩ ቦታ አለው። በየበረንዳው በጣሳ የምትተከለው፣ ቅጠሏ ነጭ ሰንበር ያለው ተክል የዚሁ ወገን ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 የዕፀዋት ተመራማሪዎቹ ተስፋዬ አዋስና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ‹ክሎሮፊተም ፕሴውዶካውሌ› የተባለ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ አስተዋወቁ፤ በዚያው ጽሑፋቸው አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የክሎሮፊተም ዝርያዎች የተሰባሰቡበት ማዕከል መሆኑን አሳዩ።

እንዲህ ያለ ስም ያለ ናሙና አይጸናም። አንድ የደረቀ ተክል ለስሙ ዋቢ ሆኖ ይመረጣል፤ ክርክር ሲነሳ ወደ እሱ ይኬዳል። እንዲህ ያሉ ናሙናዎች የሚቀመጡበት ተቋም ሄርባሪየም ይባላል። የእኛው ብሔራዊ ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን 6,000 ያህል ዝርያዎች የመዘገበው በእንዲህ ያሉ ስብስቦች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ በጋዜጣ መሐል ይዘረጋል፤ ወፍራም ሥር ካለው ይሰነጠቃል። በካርቶን ተደራርቦ በእንጨት መጫኛ ተጭኖ ይታሰራል። ጋዜጣው እርጥበት በሳበ ቁጥር ካልተለወጠ ተክሉ ይሻግታል፤ በዝናብ ወራት ይህ አድካሚ ነው። ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ነቀዝ እንዳይበላውም በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። የአበባው ቀለም ስለሚደበዝዝ ከናሙናው ጋር በሚለጠፈው መግለጫ ላይ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስምም እንዲሁ። በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ የሚጠራበት ስምም ሊቀር አይገባም ባይ ነኝ፤ ተክሉን አስቀድሞ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና።

በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ ከኅዳሴው ግድብ ኋላ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ እስከ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ከውኃው በታች በቀረው ጫካ ምን ያብብ እንደነበር ዛሬ የሚመሰክረው ቀድሞ የተሰበሰበ ናሙና ነው። ናሙናም ቢሆን በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ የለበትም። እ.ኤ.አ. በማርች 1943 በርሊን በአየር ስትደበደብ በከተማዋ የሚገኘው የዳህሌም ሄርባሪየም አብዛኛው ስብስብ ነድዷል፤ ከዕውቀቱ ብዙው የተረፈው ተመሳሳይ ናሙና ቀደም ብሎ ለሌሎች ከተሞች በመላኩ ነበር። ስለዚህ ከአሶሳ ጫካ ከሚሰበሰበው አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለውጭ ሲሄድ፣ አንዱ እዚያው አሶሳ ተማሪዎች በሚደርሱበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።