አትላንቲክን የሚያሻግረው ውል

ውጭ አገር ለመማር የሚሰጥ ገንዘብ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ስኮላርሺፕ ነው፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይመረጣል፣ ቲኬት ይቆረጥለታል፣ ተምሮ ይመለሳል። በአሜሪካና በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ግን ስሙ ብዙም የማይነሳ ሌላ ዓይነት ድጋፍ አለ። ገንዘቡ የሚሰጠው ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ተማሪ የሚለዋወጡበትን ውል ተዋውለው ሥራ እንዲያስጀምሩበት። እኔን ከስኮላርሺፑ ይልቅ ይህ ይማርከኛል። ውሉ አንዴ ከቆመ ዛሬ ገና ሁለተኛ ደረጃ የሚማረውም ልጅ ተራው ሲደርስ ይሄድበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የትምህርት ክፍያውን የሚከፍለው ለራሱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ከኦሃዮ ሊዮን የሄደችውን ተማሪ ሊዮን አያስከፍላትም፤ በእሷ ምትክ ኦሃዮ የገባውም ልጅ እዚያ አይከፍልም። በፈረንሳይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዓመት ጥቂት መቶ ዩሮ ከፍሎ የሚማር ወጣት፣ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅበት አሜሪካዊ ካምፓስ ውስጥ የሚቀመጠው በዚህ መንገድ ነው። ታዲያ የተላከውና የተቀበሉት ቁጥር መመጣጠን አለበት። አንደኛው ወገን ለሁለት ለሦስት ዓመት መቀበል ብቻ ከሆነ ሥራው ዲኑን ሳያስቀይም አይቀርም።

ክፍያ ከሌለ ገንዘቡ ለምን ያስፈልጋል? ከፊሉ ለጉዞ ይውላል፤ ለተማሪዎችም፣ ውሉን ለሚያስተባብሩት መምህራንም። ዋናው ድካም ግን ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዷ ተማሪ ከፈረንሳይ ይዛው የምትመጣውን ትራንስክሪፕት እንውሰድ። በአንድ ኮርስ ከ20 ያገኘችው 13 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ማለፊያው 10 ነው፤ 14 ያገኘ “ጥሩ” ይባላል፣ 16 ያገኘ በከፍተኛ ማዕረግ ይቆጠራል፣ ከዚያ በላይ የሚያገኝ ጥቂት ነው። የአሜሪካው ሬጅስትራር ግን 13ን ለ20 አካፍሎ 65 በመቶ ካለው ልጅቷ በደንብ የሠራችው ኮርስ ዲ ሆኖ ይመዘገባል። በክሬዲቱም እንዲሁ ነው። አውሮፓ የሙሉ ዓመት ትምህርትን 60 ብላ ስትቆጥር አሜሪካ ብዙውን ጊዜ 30 ገደማ ትለዋለች። ስለዚህ የሁለቱ ዲፓርትመንት ሰዎች ኮርስ በኮርስ እያስተያዩ፣ የትኛው በየትኛው እንደሚተካ ይስማማሉ፤ ግሬዱንም የሚለውጥ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ይህ ካልተደረገ ተማሪዋ አንድ ዓመት አክላ ትመረቃለች፤ የአሜሪካ አንድ ዓመት ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። ለዚህ አሰልቺ ለሚመስል ሥራ ገንዘብ የሚመድብ ሰው ክብር ይገባዋል።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በደለዌር ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ያስተምር የነበረው ሬይመንድ ከርክብራይድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሳትፎ የተመለሰ ሰው ነበር። ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመታቸውን ፈረንሳይ ተምረው ትምህርቱ እንዲያዝላቸው ሐሳብ አቀረበ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዎልተር ሃሊሄን ሐሳቡን ደግፎ ከውጭ ገንዘብና ደጋፊ ሲያፈላልግ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነውን ኸርበርት ሁቨርንና ባለሀብቱን ፒየር ዱፖንን አገኘ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1923 ስምንት ተማሪዎች ሮሻምቦ በተባለች መርከብ ተሳፈሩ፤ መጀመሪያ ናንሲ ቋንቋውን አጠናከሩ፣ ከዚያ ፓሪስ ገቡ። የደለዌር መርሐ ግብር በ1948 ቢቆምም ስዊት ብራየር ኮሌጅ ተረክቦ ቀጠለበት።

በዚያው ዓመት አሜሪካና ፈረንሳይ የምሁራንና የተማሪዎች ልውውጥን የሚመለከተውን የፉልብራይት ስምምነት ተፈራረሙ። ሴናተር ፉልብራይት በ1946 ያስወጣው ሕግ የገንዘብ ምንጭ ያደረገው ከጦርነቱ የተረፈውን፣ ባሕር ማዶ የቀረውን የአሜሪካ ንብረት ሽያጭ ነበር። ስሙ ለኛም አገር ምሁራን እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ፉልብራይት በዋናነት የሚልከው ግለሰብን ነው። ተቋማትን በማጣመሩ በኩል በ2007 የተመሠረተው ፓርትነር ዩኒቨርሲቲ ፈንድ ይጠቀሳል፤ የፈረንሳይ መንግሥትና የግል ለጋሾች ተባብረው ያቋቋሙት፣ የሁለቱን አገር ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ምርምርና ትምህርት ለመደገፍ። በ2014 ፕሬዚዳንት ኦላንድ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት የሚለዋወጡትን ተማሪ ቁጥር በእጥፍ ለማሳደግ ተነሱ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ማን እንደሚሄድ አይነግረንም። የልውውጥ ውል ለደሃ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠው አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ ተማሪዋ በራሷ ዩኒቨርሲቲ እንደተመዘገበች ስለምትቆይ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ትምህርቱን እስካጸደቀ ድረስ ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ አብሯት ይሻገራል። በ2000 በሕግ የተቋቋመው የጊልማን ስኮላርሺፕም ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች የታሰበ ነው።

ችግሩ የሚያጋጥመው ከዚያ በፊት ነው። ፓስፖርቱ፣ የቪዛው ክፍያ፣ በባንክ ገንዘብ እንዳለ ማሳየቱ፣ ቲኬቱ፣ የቤት ኪራዩ ቅድሚያ ሁሉም የሚጠየቁት ድጎማው ሳይለቀቅ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ነው። ከባለጠጋ ቤት የመጣ ልጅ ለአባቱ ይደውላል። ሌላው፣ ተቀባይነት ያገኘበትን ደብዳቤ ይዞ ይቀራል። ለውሉ የሚሰጠው ገንዘብ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ከላዩ ላይ ለእነዚህ ወጪዎች ተቀንሶ፣ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎቹ ገንዘቡን በሚጠይቁበት ማመልከቻ ውስጥ ራሱን ችሎ ሊሰፍር ይገባል፤ የመምህራኑ ጉብኝት አንድ ጊዜ ቢቀነስ ለሁለት ተማሪዎች ቲኬት ይሆናል።