ለአንደኛ ክፍል ልጅ የተገዛ የ12ኛ ክፍል ቤት

ነሐሴ ላይ ነው፤ አንዲት እናት ሆመቾ፣ ከምሠራበት ትምህርት ቤት ቢሮዬ ድረስ መጥታ ለልጇ መሸኛ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ልጁ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ እህቱ ደግሞ መስከረም ላይ አንደኛ ትገባለች። አባታቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ሆሳዕና ቤት ገዝተዋል። «መምህር፣ ትምህርት ቤቱ ከበራችን ፊት ለፊት ነው» አለችኝና ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ፎቶው ላይ አዲስ የተቀባ የብረት በር አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ረጅም የድንጋይ አጥር። አጥሩን አወቅኩት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ወንዱ ልጅ እዚያ ለመግባት ስድስት ዓመት ይቀረዋል፤ እህቱ ስምንት።

«እስከዚያስ?» አልኳት።

«እስከዚያ ባጃጅ አለ።»

መሸኛውን ጻፍኩ፤ ማኅተም አደረግኩበት፤ «ይቅናችሁ» ብዬ ሸኘኋት። የካቲት ላይ ተመልሳ መጣች። ልጁ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ወስዳው ምንም አልተገኘበትም። እኛ ዘንድ እያለ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። «ልመልሰው ወይ?» አለችኝ። ቤቱ ተገዝቷል፤ የሆመቾው ቤት ተከራይቷል፤ የት ትመልሰዋለች? መልስ አልነበረኝም። ነሐሴ ላይ ግን ነበረኝ፤ አፌን ይዤ ማኅተሜን አነሳሁ እንጂ።

ስለዚህ ያኔ ለእሷ ያልተናገርኩትን አሁን ልናገር። ወላጅ ቤት የሚመርጠው 12ኛ ክፍልን እያየ ነው። ማን ስንት አሳለፈ፣ የየት ሰፈር ልጅ ሕክምና ገባ፣ የትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ባነር ተሰቀለ። ይህን ይዞ ለሰባት ዓመት ልጅ ቤት ይገዛል። ዘንድሮ እንኳ ይህንኑ ያስረዳኋቸውን ሌሎች ወላጆች ብቆጥር የአንድ ክፍል ተማሪ ይሞላሉ። የሰማኝ የለም።

እስኪ ያንን ባነር እንየው። በ2008 ግንቦት የብሔራዊ ፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ፈተናው ተሰርዞ እንደነበር አንረሳም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ፈተናው በየትምህርት ቤቱ እስከተሰጠ ድረስ ውጤቱ የማን እንደሆነ የምናውቅ እኛው ነን። የ2014 ተፈታኞች በ2015 መስከረም መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግን ግማሽ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በዓመቱ 3.2 በመቶ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከ2014 በፊት «ጎበዝ ትምህርት ቤት» እየተባለ በየከተማው ቤት የተገዛለት ውጤት ስንቱ በስልክ የተላከ መልስ ነበር? ይህን ጥያቄ በስብሰባ ላይ አንስቼ የተጨበጨበልኝ ቀን የለም።

አሁን የሚሰቀለው ባነርስ? ያስፈተኑትን ሁሉ አሳለፉ የሚባሉት በአብዛኛው አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ተማሪ የሚቀበሉት ፈትነው፣ አጣርተው ነው። የተጣራ ውሃ ንጹሕ ሆነ ብሎ ማሰሮውን ማመስገን ምን ይሉታል? ልጁ ፈተናውን ካለፈ ከሆመቾም ቢሄድ ይገባል፤ አዳሪ ነውና አልጋ ይሰጠዋል። ካላለፈም አጥሩ ሥር ቢያድር በሩ አይከፈትለትም። ለዚህ ትምህርት ቤት ብሎ ቤት መግዛት ከንቱ ድካም ነው።

ቤት የሚወስነው ትንንሾቹን ክፍሎች ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተነ ልጅ አርባ ደቂቃ ይሄዳል፤ ቢቸግረው ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ስንቁን ከእናቱ ተቀብሎ ይማራል። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው እዚህ ሆመቾ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው፣ ቆጮና ድንች በኬሻ እያመላለሱ የሚማሩትን አውቃቸዋለሁ። ጥሩ ኑሮ ነው አልልም፤ ግን ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አይችልም። የእሱ ትምህርት ቤት እግሩ የሚደርስበት ነው። ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ቶሎ አይታወቅም፤ መጀመሪያ የሚታወቀው መቅረቱ ነው፤ ከዚያ ማርፈዱ፤ ከዚያ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ማንቀላፋቱ። የስም መጥሪያዬን ለሚያየው ሰው የበልግ ዝናብ የጀመረበት ሳምንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዋናው የዝናብ ወቅት ክረምት ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው ትሉኝ ይሆናል። መጋቢትና ሚያዝያን የረሳ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ከተማ ዳር አዲስ በተቆረሱት ሰፈሮች ያለውን የሚያዝያ ጭቃ ጫማው የሰመጠበት ልጅ ይንገራችሁ።

ባጃጅ አለ ይሉኛል። አለ። ቤንዚን ያለ ቀን።

ከእግር ቀጥሎ ቋንቋ ነው፤ ይህንን ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም። ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲጀመር የ1986ቱ ፖሊሲ ካዘዘ ሠላሳ ዓመት አለፈው። እኛ ዘንድ ያለ ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በሀዲይሳ፣ በላቲን ፊደል ነው። ያ እጁን ያወጣ የነበረው ልጅ ጎበዝ የነበረው በሀዲይሳ ነው። አማርኛን የሚያውቀው ከገበያና ከቴሌቪዥን ነው፤ ፊደሉን ገና እየቆጠረ ነበር። ከተማ ሲሄድ የገባበት የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያስተምራል፤ መምህሩ የሚያብራራው በአማርኛ ነው። ልጁ አልደነዘዘም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረውን በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ ተደረገ። እናቱ ይህን ስነግራት «ታዲያ እንግሊዝኛ ይልመድ ብዬ አይደል የወሰድኩት» አለችኝ። አንድ ቋንቋ ማንበብ የጠናለት ልጅ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል፤ ያልጠናለት ሁለቱንም ይበትናል። ከመዘዋወር በፊት አራተኛ ክፍልን ይጨርስ የምለው ለዚህ ነው። ሁሉም «እሺ መምህር» ይለኛል፤ መስከረም ላይ መሸኛ ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ይህ ሩጫ የወላጅ ብቻ አይደለም። የገጠሩ ቀበሌ ሆመቾን ያያል፤ ሆመቾ ሆሳዕናን፤ ሆሳዕና አዲስ አበባን። እኛ መምህራንም እዚሁ መሰላል ላይ ነን። የዝውውር ፎርም የሚሞላ መምህር «ለምን?» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው «ለልጆቼ ትምህርት» ብሎ ነው። ይሄዳል፤ አርባና ሃምሳ ልጅ ያለ መምህር ይቀራል፤ የእነዚያ ወላጆች ደግሞ «እዚህማ መምህር የለም» ብለው ቤት ፍለጋ ይነሳሉ። እኔም ፎርሙን አንድ ጊዜ ሞልቼ ነበር። አልተሳካልኝም እንጂ አልተውኩትም።

አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። ከነገ ዛሬ ሳይባል መሄድ ያለበት ቤተሰብ አለ። መስማት የተሳነው ልጅ ያለው ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ቤትህን ዘግተህ ውጣ እለዋለሁ፤ ሆሳዕና ላይ የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በየወረዳው የሚገኝ አይደለም፤ ምልክት ቋንቋ የሌለው ክፍል ውስጥ ልጅን አስቀምጦ ማቆየት ደግሞ ዕድሜውን መብላት ነው። በሃያ ዓመት ሥራዬ ይህን ጥያቄ ይዞ የመጣ ወላጅ ሁለት ነው። ስለ ባነር የመጣውን አልቆጠርኩም።

ለሌላው የምለው፣ መጀመሪያ ተከራዩ ነው። አንድ ዓመት። ልጁ ትምህርት ቤቱን ካልወደደው ኪራይ ይለቀቃል፤ የተገዛ ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። የዚያች እናት ባል ፕሪቶሪያ ኤምባሲ ሄዶ ለመግዣ ውክልና ልኮ ነበር፤ ለመሸጫ ደግሞ እንደገና ሊልክ ነው። ካርታው በማን ስም ነው፣ ሊዙ ስንት ይቀረዋል፣ ሲባል ልጁ አምስተኛ ክፍል ይገባል። ሌላው ደግሞ እናት ብቻዋን እዚያ ስትወርድ ማታ ደብተር የሚያይ ማን እንደሚቀር ነው። ሆመቾ ላይ አያት ነበረች፣ አጎት ነበረ፣ የጎረቤት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ከእንሰቱ ጓሮ ጋር እነዚህም አብረው ይቀራሉ፤ በቤቱ ዋጋ ላይ ግን ማንም አያሰላቸውም።

ፈረቃውንም ጠይቁ። የከሰዓት ፈረቃ የደረሰው ትንሽ ልጅ ቤቱ የሚገባው ለዓይን ሲይዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌላ አባት መጣ። እሱም ስልክ አወጣ፤ እሱም በር አሳየኝ። ደላላው ያሳየው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ። እናንተ ሰኞ ሂዱ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፤ ከተቻለ በሚያዝያ። ልጁን ይዛችሁ፣ በእግራችሁ።