የመንገዱ ጓደኛ

ጁሙዓ በምንቀራት ሱረቱል ከህፍ ከሙሳ (ዐ.ሰ) ጋር አንድ ወጣት ይጓዛል። ቁርኣን ስሙን አይጠራም፤ ዓሣውን መርሳቱን ሲናገር ግን ያሰማናል። ዩሹዕ ኢብኑ ኑን መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን።

በእኛው ምዕራብ ጎጃም የሆነው ሌላ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በስተሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ ወዳለው ግሽ ዓባይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። የቦሎኛ ሰው፣ በሙያው አርክቴክት (ለእኛ ለኢንጂነሪንጎቹ ዘመድ ነው)፤ ዕፅዋቱን ይሥላል፣ የጉዞ ማስታወሻ ይይዛል። ጎንደር ላይ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ምንጩ ዘንድ ባሉጋኒ የለም። ይህ ለእኔ ስርቆት ነው። ብሩስ ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹን ያገላበጠው አሌክሳንደር መሪ የባሉጋኒን ማስታወሻ እዚያው አገኘው፤ በ1805ቱ እትምም እውነቱን አወጣው።